የቀልድ ዋስ

ማክሰኞ ማክሰኞ አውራ ጣት ይሰበራል። ቦታው ድሮ የአውቶቡስ መናኸሪያ የነበረው ሜዳ ነው። ሰዓቱ ገበያ ሞቅ የሚልበት ስለሆነ ሽንኩርትና ቲማቲም የያዙ ሴቶች ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው ያያሉ። ጥፋተኛው ሁለት እጁን የብረት ጠረጴዛ ላይ ያደርጋል። ሰባሪው ነጭ ካፖርት የለበሰ ወጣት ነው። መዶሻውን ከማንሳቱ በፊት ጥፋተኛው የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል።

«“አንቄህ እገላገላለሁ።” ምልክት፣ ቀልድ። ዋስ፣ የለም።»

ከዚያ ይመታል። መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። ድምፁ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ሴቶቹ ዘንቢላቸውን አንስተው ይሄዳሉ፤ ድስት ጥደው የመጡ አሉ። እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። አንድ ቀን የሚሰበረው ልጅ ጩኸት እስኪያልፍ ጠብቄ የቃሪያ ዋጋ መከራከሬን ቀጥያለሁ።

ስልክ ድምፅ ማስተላለፍ ከተከለከለ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የማንም ድምፅ ከማንም አፍ ይወጣ ነበር። የሞተ ሰው ይደውላል፤ ማንም ያልነካው ልጅ «አግተውኛል» ብሎ ያለቅሳል። ምስሉም እንደዚያው ሆነ። ስለዚህ የቀረው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ ፊት የለውም። አንዱ ለጎረቤቱ «አንተን መቅበር ነበር» ብሎ ለሳቅ ይጽፋል፤ ጎረቤቱ ገጀራ ይዞ ይመጣል። በዚያ ክረምት ከቦርከና ወንዝ ስንት ሬሳ እንደወጣ ኮምቦልቻ ውስጥ የማያስታውስ የለም። ከዚያ በኋላ ሦስቱ ምልክቶች መጡ፤ ቁም ነገር፣ ቀልድ፣ ሽሙጥ። ምልክት ያልተጫነበት ጽሑፍ አይሄድም። ሰዉ ግን የቀልዱን ምልክት እየተጫነ መግደል ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ዋስ የመጣው።

የእሳት፣ የስለት፣ የደም ወይም የግድያ ቃል ያለበት ቀልድ ሁሉ ዋስ ይጠራበታል። ዋሱ «ይህ ሰው ቀልዱን ነው» ብሎ ይፈርማል። ዋስ ያጣ ማክሰኞ ጣቱን ይሰጣል። ዋስ ያገኘ ሰው ያለውን ከፈጸመው ደግሞ፣ በሟቹ ላይ የደረሰው በዋሱ ላይ ይደርሳል። ላረደ ሰው ዋስ የሆነ ይታረዳል። ይህኛው በዝግ ግቢ ስለሚደረግ አይታይም። እኔ ያየሁት ከበሩ ሥር እየወጣ ወደ ቦይ የሚወርደውን ውኃ ብቻ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ኢዮስያስ ጢም ካወጣ በኋላ ነው። የማያነብ ሰው ከማንም ጋር መነጋገር ሲያቅተው፣ እናቶች እንድንማር ታዘዘ። ከጎረቤቴ ከውብዓለም ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን በጣታችን እየጠቆምን ተማርን። አሁን አነባለሁ፤ ግን ቀስ ብዬ ነው። እያንዳንዱ ቃል እኩል ያደክመኛል። «እወድሻለሁ» የሚለውም «እገልሻለሁ» የሚለውም እኔ ዘንድ የሚደርሱት በአንድ ዓይነት ላብ ነው።

ለዚህ ይሆናል የዋስነት መጥሪያው ሲመጣ ሦስት ጊዜ ያነበብኩት።

የዋስ መዝጋቢው አቶ መርዕድ ይባላል። ሁለቱም አውራ ጣቶቹ ወደ ውጭ ታጥፈው ስለደረቁ ማኅተሙን የሚመታው በሁለት መዳፉ ጨብጦ ነው።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ማንበብ ይችላሉ?»

«እየሞከርኩ ነው።»

«እንግዲያው ያንብቡ።» ጽሑፉ የሚታይበትን መስታወት ወደ እኔ አዞረው።

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። «ጌዴ፣ ቅዳሜ ከነሱቅህ አነድሃለሁ። ውኃ ይዘህ ጠብቀኝ።» ጸሐፊ፣ ኢዮስያስ። ምልክት፣ ቀልድ።

«ልጅዎ ነው?»

«ልጄ ነው።»

«ቀልዱን ነው?»

«እሱ እኮ ቀልደኛ ነው፣ አቶ መርዕድ።»

«ቀልደኛ መሆኑን አልጠየቅኩም። ይሄኛው ቀልድ ነው ወይ ነው ያልኩት። ቀልደኛ ሰው ሲገድልም አይቻለሁ።»

ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ።

«እኔም እናቴን ዋስ ጠርቻት ነበር። ፈራችና አልሆንም አለች። ቀልዴን ነበር።» ድምፁ ዝናብ መዝነቡን የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር። «አሁንም እሷ ቤት ነው የምበላው። እሷ ናት የምታጎርሰኝ፤ በዚህ እጅ እኔ መቁረስ አልችልማ።»

ከልጄ ጽሑፍ ሥር የጌዴዎን መልስ ነበር። «ና። ምሳ አብረን እንበላለን።» እሱም የቀልድ ምልክት አለበት።

«ለዚህስ ዋስ አልጠራችሁም?» አልኩት።

«ምን ብለን? ምሳ ላለ ሰው ዋስ አይጠራም።» ማኅተሙን ወደ ጎን ገፋው። «እስከ ዓርብ ያስቡበት። ካልመጡ ማክሰኞ ይዘውት ይምጡ፤ እኛ እንዳንሄድበት።»

ጌዴዎን የውብዓለም ልጅ ነው። ከኢዮስያስ ጋር ጎን ለጎን የባጃጅ ባትሪ ይጠግናሉ። አምና አንድ ባትሪ እጁ ላይ ፈንድቶ የፊቱን ቀኝ ጎን በላው። ጆሮው የለም፤ ከንፈሩም አይገጥምም። ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ መካኒኮቹ «ጥብሱ» ይሉት ጀመር። ስሙን ያወጣለት ልጄ ነው። ጌዴዎን በዚያ ስም ሲጠሩት ሁልጊዜ ከሦስቱ ውጭ ለመልስ የሚላከውን የሳቅ ምልክት ይልካል፤ ስለዚህ ሁሉም ወዶታል አሉ።

ቤት ስደርስ ኢዮስያስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተጋድሞ ነበር።

«ኢዮስ፣ ጌዴዎንን ልታነደው ነው?»

«አዎ እማዬ። ግን ቤንዚን ከየት ይመጣል? የሚሸጠው ወፍጮ ቤቱ ብቻ ነው። በከሰል ብሞክረውስ?»

ፊቱን አየሁት። የእሱ ዘመን ልጆች ፊታቸው አይንቀሳቀስም። ከሕፃንነታቸው ጀምረው የሳቁት በጣታቸው ነው፤ ያለቀሱትም በጣታቸው ነው። ጉንጫቸው ቀልድ አይማርም። ልጄ አራስ ሳለ ድዱን እያሳየ ሲስቅ ትዝ ይለኛል። መቼ እንደተወው ግን አላውቅም።

«ስቀህ ንገረኝ» አልኩት።

«እየሳቅኩ ነው።»

«ጥርስህ አይታይም።»

«ጥርስ ምን ያደርግልሻል? ይኸው!» አውራ ጣቱን አየር ላይ የሳቅ ምልክት እንደሚጫን ወዘወዛት። ያቺን ጣት ሳይ የመናኸሪያው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ተሰማኝ።

«እናቴ ትሙት በል።»

«እማዬ! እዚሁ ቆመሽ?»

«በል ብዬሃለሁ!»

ተነሥቶ ተቀመጠ። «እሺ፣ እናቴ ትሙት፣ ቀልዴን ነው።»

ከዋሸ እውነትም የምሞተው እኔ ነኝ። በሕጉ የምነደው እኔ ነኝ። እንዲያም ሆኖ ያስጨነቀኝ እሱ አልነበረም። ፈርሜ ቢያታልለኝ አንድ ሰው ነድዶ ይሞታል፤ ያውም የውብዓለም ልጅ። ሳልፈርም ቀርቼ ቀልዱን ከሆነ ደግሞ፣ የልጄን ጣቶች በገዛ እጄ የብረት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ዕድሜ ልኬን አጎርሰዋለሁ።

እኔ ባደግኩበት አገር ሽማግሌዎች ሁለት የተጣሉ ሰዎች መታረቃቸውን በአፋቸው አያምኑም ነበር። ከአንድ ትሪ ያስበሏቸዋል። ያቄመ ሰው ጉሮሮው ይዘጋል፤ ሊገድለው ካሰበው ሰው ጋር አይውጥም። አባቴ ሽማግሌ ሆኖ በሄደበት ሁሉ ዓይኑን ከበላተኛው ጉሮሮ አይነቅልም ነበር። ፊት የማይናገር ከሆነ ጉሮሮ ይናገር ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ውብዓለምን ያዝኳት።

«ውቤ፣ ሐሙስ ልጅሽን ይዘሽ ምሳ ነይ።»

«ምን ተገኘ? ደግሞ ያንቺ ልጅ የኔን ሊያነደው ነው አሉ» ብላ ሳቀች። የእኛ ዘመን ሰዎች ገና በጥርሳችን እንስቃለን።

«ቀልዱን ነው።»

«አውቃለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሳቀበት አይደል።»

«ጌዴዎንስ?»

«እሱም ስቋል፤ ምልክቱን አይቻለሁ። ብቻ ጥብስ እንዳትሠሪ፣ ስሙን ያስታውሰዋል።»

ዶሮ ሠራሁ።

ሐሙስ አራታችን በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን። ጌዴዎን በሩ አጠገብ ያለው ትራስ ላይ ተቀመጠ። ከንፈሩ ስለማይገጥም ሲበላ በግራ እጁ ሶፍት ይይዛል፤ በየጉርሻው አፉን ይጠርጋል። ያም ቀን እንደዚያው ነበር። ኢዮስያስ ተነሥቶ እጅ አስታጠበው።

«ጥብሱ፣ ውኃውን ዛሬ ጨረስከው እኮ። ቅዳሜ ምን ይዘህ ልትጠብቀኝ ነው?»

«አንተው ይዘህልኝ ና» አለ ጌዴዎን።

ውብዓለም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ የልጄን ጉሮሮ እያየሁ ነበር። ኢዮስያስ ቆረሰ፤ ዋጠ። እንደገና ቆረሰ። እንደተራበ ሰው ነበር የሚበላው፤ መረቁ በክንዱ ይወርዳል። ቀጥሎ ግማሽ እንቁላል በእንጀራ ጠቀለለና ወደ ጌዴዎን ዘረጋ።

«ጉረስ፤ አለዚያ የመጨረሻህ ነው!»

የዘረጋውን እጅ አየሁት። አልተንቀጠቀጠም። ጌዴዎን አፉን ከፈተ። ልጄ አጎረሰውና ጣቱን እየላሰ ወደ እኔ ዞረ። «እማዬ፣ ጨው በዝቷል።» ያን ጊዜ ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ተነሣ። ሊገድለው ያሰበውን ሰው አጉርሶ ስለ ጨው የሚያወራ ሰው የለም።

ዓርብ ሄጄ ፈረምኩ። አቶ መርዕድ የጣት አሻራ ቀለም አቀረበልኝ፤ እኔ ግን እስክሪብቶ ጠየቅኩትና ስሜን ጻፍኩ። ማኅተሙን በሁለት መዳፉ መታበት።

«ደፋር እናት ነዎት» አለኝ። ለዚህ ቃሉ የትኛው ምልክት እንደሚገባው አላወቅኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ኢዮስያስ ቢጫውን ጀሪካን አንጠልጥሎ ሲወጣ በሩ ላይ ያዝኩት።

«ምንድነው ያ?»

«ውኃ ነዋ። ይዘህ ጠብቀኝ ስለው አንተው ይዘህልኝ ና አላለም? አናቱ ላይ ነው የምደፋበት።»

ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ። አላመንኩም፣ በመዳፌ ቀድቼ ቀመስኩት። ውኃ ነበር። በጥርሴ ሳቅኩ። ልጄ ቆሞ አየኝና ከንፈሩ በአንድ ጎን በኩል ትንሽ ከፍ አለ። ከሕፃንነቱ ወዲህ ያየሁት ብቸኛ ሳቁ ያ ነው።

የቀረውን የነገሩኝ መካኒኮቹ ናቸው። ኢዮስያስ የጀሪካኑን ክዳን እየፈታ «ጥብሱ፣ ደርሻለሁ!» ብሎ ገባ። ጌዴዎን ከበሩ ኋላ ቆሞ ነበር። አንድ ጣሳ ሙሉ የባትሪ አሲድ ቀድቶ ይዟል። ደፋበት፤ አሲዱ መጀመሪያ ያገኘው የልጄን ዓይን ነው። ልጄ ፊቱን ይዞ ሲንበረከክ ጌዴዎን ፌሮ አነሣና ጭንቅላቱን መታው፤ ከወደቀም በኋላ ደጋገመው። መካኒኮቹ የቀልዱ ተከታይ መስሏቸው በየሱቃቸው በር ቆመው ያዩ ነበር። ጩኸቱ እስኪያቆም ድረስ ሦስቱ የሳቅ ምልክት ልከዋል። ፖሊስ መጥቶ ጀሪካኑን አሸተተ። ከዚያ እሱም እንደ እኔ ቀመሰው።

ልጄን ፊቱን ሸፍነው ነው የሰጡኝ። ልገልጠው ስል የሆስፒታሉ ሰው እጄን ያዘኝ። «እናቴ፣ ይቅርብሽ፤ የምታውቂው ነገር የለበትም» አለኝ።

ከቀብሩ በኋላ አቶ መርዕድ አስጠራኝ።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት። ዋስትናዎ ጸድቋል። ልጅዎ ቀልዱን እንደነበረ ተረጋግጧል፤ ከእርስዎ የሚፈለግ ነገር የለም።»

«ጌዴዎንስ?»

«ተለቋል።»

«እንዴት ይለቀቃል?»

«የተመዘገበ ዛቻ ነበር። ልጅዎ በተባለው ቀን፣ ወደ ተባለው ቦታ፣ ጀሪካን ይዞ ሄደ። ጌዴዎን ፈርቶ ነው የገደለው።»

«ቀልድ ነው ብዬ ፈርሜ የለም እንዴ? ለምን ይፈራል?»

«የፈረሙት ለእኛ ነው» አለ፤ የታጠፉ ጣቶቹን እያየ። «ለጌዴዎን ማን ፈረመለት?»

«እሱስ የጻፈው? ና፣ ምሳ እንበላለን ያለው?»

«ነገርኩዎት እኮ። ምሳ ላለ ሰው ዋስ አይጠራም።»

ውብዓለም ለቅሶ አልመጣችም። «ስንድዬ፣ ምን ልበልሽ» ብላ ጻፈችልኝ፤ ምልክቱ ቁም ነገር ነው። ትምህርት ቤት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ፊደሉን በጣቷ ስትጠቁም ታየችኝ። አልመለስኩላትም።

ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ ቤቱን ስጠርግ በሩ አጠገብ ያለውን ትራስ አነሣሁት። ከሥሩ ድብልብል ያለ ሶፍት ነበር። ፈታሁት። ግማሽ እንቁላል በእንጀራ እንደተጠቀለለ ደርቋል። አልታኘከም። የልጄ ጣቶች የጫኑት ቦታ እንጀራው ላይ ይታያል።

ተቀመጥኩ። ያን ቀን የአንድ ሰው ጉሮሮ ብቻ ነበር ያየሁት። አባቴ ቢሆን ሁለቱን ያይ ነበር። የእኔ ልጅ ያስፈራኝ ስለነበር የሌላው ሰው ልጅ መዋጥ አለመዋጡን አላየሁም። ውብዓለምም ልጇን አላየችም፤ ትስቅ ነበር።

ያቄመ ሰው አይውጥም። የፈራ ሰውም አይውጥም። ጌዴዎን የትኛው እንደነበረ ሶፍቱን አገላብጬ ባየውም አይናገርም። ዓመት ሙሉ የላካቸውን የሳቅ ምልክቶች አሰብኩ። «አንተው ይዘህልኝ ና» ሲል ፊቱን ለማስታወስ ሞከርኩ። የተቃጠለው ጎን ነበር ወደ እኔ የዞረው፤ ያም ጎን ሁልጊዜ የሚስቅ ይመስላል።

እዚያው እንደተቀመጥኩ ስልኬ ነዘረ።

«እትዬ ስንዱ፣ ይቅርታ። ፈርቼ ነው።» ጸሐፊ፣ ጌዴዎን። ምልክት፣ ቁም ነገር።

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። እያንዳንዱ ቃል እኩል አደከመኝ። «ይቅርታ» ከ«ስንዱ» አልከበደም፤ «ፈርቼ» ከ«ነው» አልቀለለም። እውነት ቢሆን የሚመስለው እንዲሁ ነው። ውሸትም ቢሆን የሚመስለው እንዲሁ ነው። ሌላ ሰው ላስነብበው አሰብኩ፤ ማንን እንደማምን ግን አላውቅም።

መልሱን ለመጻፍ ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ፈለግኩ።

«ና። ምሳ አብረን እንበላለን።»

ሦስቱ ምልክቶች ወጡ። ቀልዱን አለፍኩት። ሽሙጡንም አለፍኩት። ቁም ነገሩን ተጫንኩ፤ አልዋሸሁም። መስታወቱ አረንጓዴ አበራና ጽሑፉ ሄደ። ዋስ የጠየቀኝ የለም።

ጥቂት ቆይቶ መለሰልኝ። «እሺ እትዬ። ነገ እመጣለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ፖሊስ የመለሰው ቢጫ ጀሪካን በሩ ሥር ቆሟል። አነሣሁት፤ ግማሽ ድረስ ውኃ ነበረበት። ጓሮ ወስጄ እስከ ጠብታው ደፋሁትና እንዲደርቅ ፀሐዩ ላይ ዘቀዘቅኩት። ከዚያ ነጠላዬን ለበስኩ። ወፍጮ ቤቱ እስከ ማታ ክፍት ነው።